የትኛው መገሌ?

አሶሳ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ አንዱን ሞተረኛ ጠርቶ «መገሌ በስንት ታደርሰኛለህ?» ይላል። ሞተረኛው ዋጋ ይናገራል ሲባል «መገሌ ስንት?» ብሎ ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሳል። እንግዳው ይገረማል፤ «እሱንማ አንተ ንገረኝ እንጂ!» ይላል። ሞተረኛውም በተራው ይገረማል። አጠገባቸው የቆመ ሰው ጣልቃ ገብቶ ቁጥር የሚባል ነገር እንዳለ እስኪያስረዳ ድረስ ሁለቱ በአንድ «ስንት» ተጠላልፈው ይቆያሉ።

ሞተረኛው ልክ ነው። በአሶሳ ወረዳ «መገሌ» ብሎ ማቆም አያደርስም። መገሌ 33 አለ፣ መገሌ 37 አለ። ሰልጋ 24 አለች፣ አምባ 14 አለ። ኮሞሽጋ 26 የሚባል አለ፤ ከእሱ እንዳይምታታ ደግሞ «ነባር ኮሞሽጋ» አለ። ቁጥሮቹ የሰፈራ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1970ዎቹ፣ በተለይም በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ከወሎና ከሌላም አካባቢ ብዙ ሕዝብ ወደ አሶሳ ሲመጣ፣ የነባሩ አካባቢ ስም ላይ የሰፋሪው መንደር ቁጥር ተለጠፈ። መተከል ውስጥ ፓዌም እንዲሁ ነው፤ መንደሮቹ በቁጥር ይጠራሉ። የመዝገብ ሰው ለሥራው እንዲመቸው የሰጠው ቁጥር ይኸው ስም ሆኖ ቀረ፤ ሰው ተወልዶበት፣ ተድሮበት፣ እድር መሥርቶበት ይኖራል።

ይህ የመገሌ ነገር የኮምፒውተር መምህር ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ትምህርት በአንድ የሞተር ጉዞ ይጨርሰዋል። ትምህርቱ ሰሞኑን ስማቸው ስለሚነሳው «ፌዴሬትድ» ማኅበራዊ መረቦች ነው። ስሙ ሲጠራ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ወዲያው ክልልና ወሰን ያስባል፤ ብዙም አልተሳሳተም። ፌስቡክ አንድ ትልቅ ቤት ነው፤ ባለቤቱ አንድ፣ በሩም አንድ። ፌዴሬትድ መረብ ግን ብዙ ትናንሽ ቤቶች ናቸው። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ አስተዳዳሪ፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ አመል አለው፤ ግን ከአንዱ ቤት የተነገረው ሌላው ቤት ይሰማል። ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር ሁለት የስልክ ድርጅቶች ሆኑ፤ ሰው ግን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየደወለ ነው። ኢሜይልም ያው ነው፤ የጂሜይል ሰው ለያሁ ሰው ሲጽፍ ፈቃድ አይጠይቅም። ለማኅበራዊ መረቦች ይህን መግባቢያ ቋንቋ የሰጠው አክቲቪቲፐብ የሚባለው ሕግ ነው፤ የዓለም አቀፉ የድር ደረጃዎች ማኅበር ጥር 2010 ዓ.ም. አጸደቀው።

ከነዚህ መረቦች አንዱ ለሚ ይባላል። አዲስ አበቤ ሲሰማው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተሠራ ይመስለዋል፤ የወለጋ ሰው ደግሞ የአጎቱ ልጅ የተጠራ መስሎት ዘወር ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመሩት ሰዎች ግን ስሙን ካወጡበት ምክንያት መካከል የሞተርሄድን የሮክ ዘፋኝና ለሚንግ የምትባለውን የአይጥ ዘመድ ይጠቅሳሉ። ዓርማውም አይጥ መሳይ ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ የሚታወቅበት የብዕር ስም ደሳሊንስ ነው፤ የሄይቲው ነጻ አውጪ ስም። በችኮላ ያነበበ አበሻ «ደሳለኝ» ብሎ ዘመድ ቢያደርገው አይፈረድበትም።

ለሚ ላይ ሰው የሚሰበሰበው በ«ኮሚኒቲ» ነው፤ የአትክልተኛው ለብቻ፣ የብስክሌተኛው ለብቻ፣ የድመት ወዳዱ ለብቻ። የኮሚኒቲው አድራሻ ሦስት ነገር አለው፤ ስም፣ መሐሉ ላይ «አት» የሚባለው ምልክት፣ ከዚያ የሰርቨሩ ስም። ከሁሉ ፊት ደግሞ ቃለ አጋኖ ይቆማል። እያንዳንዱ አድራሻ እንደ ደነገጠ ሰው «ጉድ!» እያለ ይጀምራል ማለት ነው። ስሙ መገሌ ነው፤ ሰርቨሩ ቁጥሩ ነው። «ማንጎ» የሚባል ኮሚኒቲ አንዱ ሰርቨር ላይ ሊኖር ይችላል፤ ሌላው ሰርቨር ላይም ሌላ «ማንጎ»፤ ሁለቱ ላይተዋወቁ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ የሞተረኛው ጥያቄ ነው፤ ማንጎ ስንት?

ድንበሩ ላይ ያለው ሰው ይህንም ያውቀዋል። ከአሶሳ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚሄድ መንገደኛ መጨረሻው ኩርሙክ ነው። ኩርሙክ ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዱ ማዶ በሱዳን። «ኩርሙክ ነኝ» ብሎ ለደወለ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው በኩል?» ነው።

አሶሳ እስካሁን ሰብሰብ የምትለው ቴሌግራም ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ነጋዴው፣ ቤት ፈላጊው፣ የሰርግ ኮሚቴው ሁሉ ግሩፕ አለው። ግሩፑን ማግኘት ግን ፍለጋ አይደለም፤ ዝምድና ነው። «ሊንኩን ላክልኝ» ይባላል፣ ይላካል። ካልሆነም ሰውየው ሳይጠየቅ ይገባል። ማታ ስልኩን አስቀምጦ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሳ የሦስት ግሩፕ አባል ሆኖ ያገኘዋል፤ አንዱ ያገለገለ ሶፋ ይሸጣል፣ አንዱ የትምህርት ዕድል ይሰጣል፣ አንዱ ደግሞ «50 ሰው አድ ያላደረገ አባል መጻፍ አይችልም» ይላል። ይህ ሰው 50 ዘመዱን አንድ በአንድ ይከታል፤ ዘመዶቹም አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የወጣ ሰው ሁሉ በቅሬታ ይታወሳል።

በአንድ ቤት የመሰብሰብ ጣጣ የታወቀው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግተው ነበር። አያት ሳይቀሩ ቪፒኤን የሚለውን ቃል ተማሩ። «ቁልፏን አብራልኝ» የተባለ የልጅ ልጅ መብራቱን ሊያበራ ሲነሳ፣ አያት ስልካቸውን ያቀርባሉ፤ የፈለጉት የቪፒኤኗን ቁልፍ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ በሌላው ዓለም ሌላ ግርግር ሆነ። ሬዲት የተባለው ትልቅ የውይይት መረብ በውጭ ፕሮግራሞች ላይ ከባድ ክፍያ በመጣሉ በሺዎች የሚቆጠሩ መድረኮቹ አድመው በራቸውን ዘጉ። ካደሙት አንዳንዶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ለሚ ተሰደዱ። አገሩን መንግሥት ሲዘጋበትና ቤቱን ባለቤቱ ሲያስወድድበት ሰው የሚያደርገው ያው አንድ ነው፤ «ሌላ ቦታ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ።

እዚህ ላይ አንድ የግብርና ተማሪ እንበል። ስም አያስፈልገውም፤ አያቱ መገሌ 33 ይኖራሉ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ማንጎ አለ። አሶሳ የማንጎ አገር ናት፤ ሲደርስ መንገድ ዳር በገበታና በባልዲ ተደርድሮ ይሸጣል። ሰሞኑን ግን የአያት ማንጎ ታሟል። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የነካው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ በጥፍር ሲፍቁት ይነሳል፤ ፍሬው ላይ የተለጠፈበት ቦታ ደግሞ ወደ ሮዝ ይቀላና ገዢ ያባርራል። ይህ ተባይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ተስፋፋ። ተማሪው በሌላ አገር ያሉ ማንጎ አብቃዮች ምን እንደሚያደርጉ መጠየቅ ፈለገ። የሌሊቱን ፓኬጅ ጠብቆ ለሚ ላይ አካውንት ከፈተና መፈለጊያው ላይ «ማንጎ» ብሎ ጻፈ።

ምንም የለም።

ተማሪው በዓለም ላይ ስለ ማንጎ የሚያወራ ሰው የለም ብሎ ደመደመ። ተሳስቷል። ችግሩ እንዲህ ነው፤ ከሌላ ቤት ኮሚኒቲዎች አንድ ሰርቨር የሚያውቀው ከራሱ ሰዎች አንዱ የጠራውን ብቻ ነው። እዚያ ሰርቨር ላይ ያለ አንድ ሰው ሙሉ አድራሻውን ከነቃለ አጋኖው ጽፎ ካልፈለገውና አባል ካልሆነ፣ ኮሚኒቲው ለሌላው ሁሉ የለም። ሌላ ቤት ውስጥ አሥር ሺህ ሰው እየተጨዋወተበት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ድምፁ አይሰማም። የመጀመሪያው ሰው ሲጠራው ብቻ ቧንቧው ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ይመጣል። ከቀድሞው ጥቂት ጽሑፍ ይደርሳል፤ ሥሩ የነበረው ጨዋታ ግን ይቀራል። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ማለት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ሐሜት ይሰማል፣ ያለፈውን ዓመት ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይተርክለትም።

እንግዲህ የማያውቁትን አድራሻ ሙሉውን ጽፎ መፈለግ እንዴት ይቻላል? ይህ መገሌ 33ን ለማግኘት አስቀድሞ መገሌ 33 መድረስ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ መላ ተፈጠረ። በየሰርቨሩ እየዞረ ያገኘውን ኮሚኒቲ ሁሉ የሚዘረዝር ለሚቨርስ የሚባል ማውጫ አለ። ከዚያ የሚበልጠው ግን አዳዲስ ኮሚኒቲዎች ብቻ የሚታወጁበት ኮሚኒቲ ነው። ሥራው የጥሩንባ ነፊ ሥራ ነው፤ አንዱ ይመጣል፣ «እንዲህ ያለ መንደር ከፍቻለሁ፣ አድራሻው ይኸው» ይላል፣ ያነበበው ሰው አድራሻውን ወደራሱ ሰርቨር ወስዶ ይጠራዋል። ያ ሰው ለጎረቤቶቹ ሁሉ የመጀመሪያው ጠሪ ሆነ ማለት ነው፤ ማንም ግን አያመሰግነውም፤ ማንነቱንም የሚያውቅ የለም።

ጥሩንባ ነፊው መንደር የራሱ ወግ አለው። ባዶ ቤት ከፍቶ «ኑ» ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ሦስት አራት ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ቤቱ ምንጣፍ እንዳለው፣ ጀበናው እንደተጣደ ይታይ ዘንድ። «ይህ ስለ ምንድን ነው?» ለሚለው አንድ አንቀጽ መልስ ይጻፋል። እንደዚያ የማያደርጉ ሰዎች ግን ሞልተዋል። በ2015ቱ ስደት ሰሞን አንዳንዱ በአንድ ማታ ሃያ ኮሚኒቲ ከፍቶ፣ በየበሩ ስሙን ጽፎ፣ ሄዶ ተኛ። እስካሁን አልተነሳም። እነዚያ በሮች ዛሬም አሉ፤ የሚገባም የሚወጣም የለም፤ የቦርድ ስም ያለው፣ ማህተም ያለው፣ አባል ግን የሌለው ኮሚቴ ያየ ሰው አይገርመውም።

ተማሪው ቀድሞ ሌላው መረብ ላይ፣ ማስቶዶን ላይ፣ ዕድሉን ሞክሮ ነበር። ማስቶዶንን ኦይገን ሮሽኮ የተባለ ጀርመን አገር የሚኖር ወጣት እ.ኤ.አ. በ2016 ጀመረው፤ ኢሎን መስክ ትዊተርን በገዛ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ላይ፣ በወር የሚጠቀሙበት ሰዎች 2.5 ሚሊዮን ደረሱ። እዚያ ሰው የሚገናኘው በሃሽታግ ነው። ምን ይነበብ ብሎ የሚመርጥ ስውር እጅ የለም፤ ሃሽታግ ያላደረገ ሰው በረሃ ውስጥ ሆኖ ያወራል። ተማሪው በአማርኛ ሃሽታግ አድርጎ «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» ብሎ ጻፈ። ሃሽታግ ክፍት ቦታ አይወድም፤ «ቤኒሻንጉል» ላይ ቆመና ጉሙዝን ውጭ ትቶ በሩን ዘጋ። ወጣቱ ተቆጥቶ ሁለቱን አጣብቆ ጻፈ። ይህን ሲያደርግ ሌላው ሰው «ቤንሻንጉል» ብሎ በሳድስ ይጽፋል። በ«ኒ» የጻፈና በ«ን» የጻፈ ሰው ስለ አንድ ክልል፣ ስለ አንድ ዝናብ እያወሩ አይገናኙም። ሁለቱም አጻጻፍ ጋዜጣ ላይ ይታያል፤ እያንዳንዱም የእኔ ትክክል ነው ይላል።

ለሚ ላይ የተለየ መከራ ጠበቀው። የኮሚኒቲ አድራሻ የግዕዝን ፊደል አይቀበልም፤ በላቲን መጻፍ ግድ ነው፤ በግዕዝ ፊደል መጻፍ የሚቻለው በሩ ላይ የሚለጠፈው ስም ብቻ ነው። «አሶሳ» በላቲን በአንድ «ኤስ» ነው በሁለት? ካርታው ብዙ ጊዜ በአንድ ይጽፈዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱን በሁለት ይጽፋል። ወጣቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነውና በሁለት «ኤስ» ሄደ። ነገ በአንድ «ኤስ» የሚፈልገው ሰው አያገኘውም፤ እንደገና መገሌ ስንት።

ይህ ሁሉ ችግር አዲስ ይመስላል። አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከ30 ዓመት በፊት ተደርጎ ያለፈ ነው። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባል መረብ መልእክት ያመላልስ ነበር። ፊዶኔትን ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ጀመረው። መረቡ ማዕከል አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚላከውን ሁሉ ቀን አጠራቅሞ በስልክ መስመር ለጎረቤቱ ይደውልና ያስረክባል፣ ጎረቤቱ ለሌላው። የሌሊት ስልክ ርካሽ ስለሆነ መደወሉ በአብዛኛው ሌሊት ነው። የዛሬው ተማሪ የሌሊት ፓኬጅ ሲጠብቅ የአያቶቹን ሥርዓት እየጠበቀ መሆኑን አያውቅም። አድራሻውም በቁጥር ነበር፤ መጀመሪያ ዞን፣ ከዚያ መረብ፣ ከዚያ ቤት። አፍሪካ ዞን 5 ነበረች። አሶሳ ዞን ለኖረ ሰው፣ ያውም መገሌ 33 ለኖረ፣ ይህ አድራሻ ባዕድ አይሆንበትም።

የበርታን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስለ ፌዴሬሽን ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ዙምባራ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ብዙ ሆነው፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን አንድ ድምፅ ሲጥል ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ያፏጫል። በርታዎች ደግሞ ድንበሩ ወዲህም ወዲያም አሉ፤ ስለ ዙምባራ የሚያወራ ኮሚኒቲ ቢከፈት አባላቱ ከሁለቱም ኩርሙክ መምጣታቸው ነው። ወጣቱ ይህንንም አሰበ። ግን አስቀድሞ ማንጎው።

የአሶሳን ማንጎ ኮሚኒቲ በአንድ ማታ ከፈተ። ስለ ተባዩ ሁለት አንቀጽ ጻፈ። ጥሩንባ ነፊው መንደር ሄዶ አወጀ። ሌላ ሰርቨር ላይ ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ ራሱን አባል አደረገ፤ ይህ እዚያ ሰርቨር ላይ የመጀመሪያ ጠሪ የመሆን የታወቀ ዘዴ ነው። በመጨረሻም አዲስ የተከፈተውን ኮሚኒቲ በየሰርቨሩ ለሚያስተዋውቅ ማሽን ነገረው። ማሽኑ ሥራው ይህ ነው፤ ሰው በሌለበት ሰርቨር ላይ ራሱ አባል ሆኖ ይቀመጣል፣ ቧንቧው እንዳይዘጋ ይጠብቃል፤ የሰው አባል ሲመጣ ወንበሩን ለቆ ይወጣል።

ቅዳሜ አያቱ ጋ ሄደ። ቡና እየተቆላ ነበር።

«እማማ፣ ስለ ማንጎሽ የሚወራበት ቤት ከፍቻለሁ» አላቸው።

«ስንት ሰው ገባልህ?»

«ሦስት።»

«ደግ ነው። እነማን?»

«አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛውም እኔው ነኝ፣ በሌላ በር። ሦስተኛው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው።»

አያት መቁላቱን ገታ አድርገው አዩት። «ማሽኑ ምን ይሠራል?»

«ሰው እስኪመጣ ቦታ ይይዛል። ሰው ሲመጣ ይወጣል።»

«ጨዋ ነው» አሉና ምጣዱን ማወዛወዝ ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው «ሰዎቹስ የት ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁ።

«እሱን ነው የማላውቀው። አድራሻውን ሰምተው ራሳቸው መምጣት አለባቸው።»

አያት ተነሱ። የተቆላውን ቡና ከነጭሱ ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱና በአንድ ትንፋሽ የአምስት ሴት ስም ጠሩ። አድራሻ አልተናገሩም፣ ቃለ አጋኖም አልነበረውም፤ የቡናው ሽታ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አቦል ሳይቀዳ ሰባት ሰው ገባ፤ ሁለቱ ያልተጠሩ ናቸው። ወሬው ማንጎው ላይ ሲደርስ ሁለት ጎረቤቶች ያንኑ ነጭ ነገር ማየታቸውን ተናገሩ፤ አንደኛዋ ልጅ ልካ ቅጠሉን በፌስታል አስመጣች። ተማሪው ቅጠሉን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ፎቶ አነሳው፤ ነጩ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይታያል፣ ጫፉ ላይ የጎረቤቲቱ አውራ ጣት አለ። በቶናና በበረካ መካከል መረብ ሲያገኝ ጫነው፤ ከሥሩ «መገሌ 33» ብሎ ጻፈ።

እሑድ ጠዋት ከፍቶ ሲያየው አባላቱ አሁንም ሦስት ነበሩ። ማሽኑ ወጥቷል።